ታች ቤት፦ የፍጻሜውን ሳምንት የተቀመጥኩበት አግዳሚ

ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ምሽት አርሰናል የዓመቱን የመጨረሻ የሊግ ጨዋታ ሲያደርግ እኔ የተከታተልኩት «ታች ቤት» በምንለው የኳስ ማሳያ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ፣ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ትልቁ ቴሌቪዥን ለሊቨርፑል ተሰጥቶ ነበር። ሊቨርፑል ሻምፒዮንነቱን በሚያዝያ ስላረጋገጠ የዚያን ዕለት ሥራው ዋንጫውን ማንሣት ብቻ ነው፤ የቤቱ ግማሽ ሰው ቀይ ለብሷል፣ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ የመጣም አለ። በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ የሚታየው ሁለተኛው ስክሪን ደግሞ ማንቸስተር ዩናይትድንና አስቶን ቪላን ያዘ፤ ቪላ ሻምፒዮንስ ሊግ የመግባትና ያለመግባት ጉዳይ አለበትና። ከሳውዝሃምፕተን ጋር የሚጫወተው አርሰናል ማንንም አላስጨነቀም። ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት ሁለተኛ ሊሆን ነው፤ ይህን ለማየት ማን አግዳሚ ያጨናንቃል?

«ጋሼ፣ ለእርስዎ የወጥ ቤቷን ቴሌቪዥን እከፍትልዎታለሁ» አለኝ በር ላይ የሚቆመው ልጅ፣ ትልቅ ውለታ እንደሚውልልኝ ሰው ፈገግ ብሎ።

ውለታ ነበር። ኪራን ቲየርኒ በመሰናበቻ ጨዋታው ጎል ሲያገባ ዘልዬ ተነሣሁ። ተጋቢኖ ታማስል የነበረችው ሴት ማማሰያዋን እንደያዘች ዘወር ብላ «ማን ሞተ?» አለች። ነገሩን አስረዳኋት። ሳውዝሃምፕተን አቻ ሲያደርግ ዝም አልኩ፤ በ89ኛው ደቂቃ ኦዴጋርድ ሲያገባ እንደገና ጮህኩ።

«አሁን ዋንጫ አገኛችሁ?»

«አላገኘንም።»

«ታዲያ ምን ያስጮህዎታል?»

ለዚህ ጥያቄ ሃያ ዓመት ሙሉ መልስ አላገኘሁለትም፤ በዚያች ምሽትም አልተገኘም። ሽሮው ግን በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ወጣልኝ፣ ሚጥሚጣውም በልኩ ነበር። ከስክሪኑ በፊት ስለ ወጥ ቤቱ የጻፍኩት ለዚህ ነው፤ ታች ቤት በሳምንቱ ውስጥ አንድም ቀን ያላሳፈረኝ በሽሮው ነው።

ቤቱ ሳሪስ ነው። በሩ ላይ ስም አልተጻፈበትም። ከመንገዱ ሰባት ደረጃ ወርዶ ስለሚገባ እኛ «ታች ቤት» እንለዋለን፤ ከመንገዱ ማዶ ፎቅ ላይ ያለው ሌላው የኳስ ቤት «ላይ ቤት» ነው። ባለቤቷ በስልሳዎቹ ያሉ ሴት ናቸው፤ ከበር ጠባቂው እስከ ሽማግሌው ሁሉም «እትዬ» ይላቸዋል። ከጨዋታ ውጪ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቁም፣ ለማወቅም አይፈልጉም። ነገር ግን ከደንበኛው ማን የማን ደጋፊ እንደሆነ፣ ማን ሲሸነፍ ሒሳቡን ሳይከፍል ሹልክ እንደሚል፣ ማን ከማን አጠገብ መቀመጥ እንደሌለበት በቃላቸው ይዘውታል። አግዳሚውን የሚደለድሉት እርሳቸው ናቸው።

እኛ ወደዚህ ቤት የመጣነው ከካዛንቺስ ነው። እዚያ ሳለን ከሃያ ዓመት በላይ የተቀመጥንበት አንድ ቤት ነበረን። በ1998 ዓ.ም. አርሰናል ፓሪስ ላይ ከባርሴሎና ጋር ለሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ሲጋጠም ያየሁት በዚያ ቤት ነው። ግብ ጠባቂያችን ሌህማን በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ሲወጣ፣ ሶል ካምቤል በግንባሩ ሲያስቆጥር፣ ከዚያ የባርሴሎናዎቹ ኤቶና ቤሌቲ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም ነገር ገልብጠው ሲያስቀምጡት፣ ባርሴሎናን የሚደግፈው ፀጉር አስተካካይ ወዳጄ አንገቴን አቅፎ ሲጨፍርብኝ የነበረበት ጥግ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ጥጉ ግን የለም። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ሁለታችን ሳሪስ ተከራየን፤ ፀጉር አስተካካዩና ሌሎች ሦስት ወደ ገላን ጉራ ሄዱ፤ መምህሩ አራብሳ ገባ፤ የሚኒባስ ሹፌሩ ቦሌ ቡልቡላ እህቱ ጋር ተጠጋ። ስምንት ሰው በአራት አቅጣጫ ተበተነ። ሁሉም በአንድ ወይም በሁለት ትራንስፖርት ሊደርስበት የሚችል ቤት ስንፈልግ ያገኘነው ታች ቤትን ነው፤ የመረጥነውም ለመንገድ ስለሚመች እንጂ ስለምርጥነቱ አልነበረም።

ሰው እንዳይቀር ደግሞ ዕቁብ መሰል ነገር ጀመርን። ከጥር መግቢያ ጀምሮ እያንዳንዳችን በሳምንት 100 ብር እናዋጣለን፤ ዕጣ የለውም፣ ሁሉም ለፍጻሜው ሳምንት ይቀመጣል። ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ። በ19 ሳምንት 15,200 ብር መሆን ሲገባው 15,000 ሆነ፤ ልዩነቱ የሚኒባስ ሹፌሩ ላይ ያለ የሁለት ሳምንት ዕዳ ነው። ይህን እዚህ የምጽፈው እንዲያነበው ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ዕቃ ልግባ። ሙያዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ስለሆነ ሰው ጨዋታ ሲያይ እኔ ሽቦ አያለሁ። ታች ቤት አሥራ አንድ ረጃጅም አግዳሚዎች አሉት፤ ሁሉም መደገፊያ የላቸውም፣ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ የተሠራው ብቻ ይሻላል። መካከል ላይ ወፍራም ምሰሶ ቆሟል። ከምሰሶው ጀርባ ያሉት አራት ሰዎች ከሜዳው ግራውን ወይም ቀኙን ይመርጣሉ፤ ሁለቱንም ጎል አንድ ላይ ያየ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሆኖም የሚከፍሉት እንደማንኛችንም ነው፤ ይህ ፍትሕ አይደለም፣ ለእትዬም ነግሬያቸዋለሁ። «ምሰሶውን ላፍርሰው?» አሉኝ።

ትልቁ ቴሌቪዥን ከዲሽ ሪሲቨር ጋር የተያያዘ ነው፤ ሥዕሉ ጥርት ያለ፣ ቀለሙም ያልተጋነነ ነው። ሣሩ ሣር ይመስላል። ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ፕሮጀክተር ግን ከኢንተርኔት ነበር የሚያመጣው። እሑድ ሁለቱ ስክሪኖች የተለያየ ጨዋታ ስለያዙ ልዩነቱ አልታወቀም። ጉዱ የወጣው ረቡዕ ነው።

ረቡዕ ግንቦት 20 የኮንፈረንስ ሊግ ፍጻሜ ነበር፣ ፖላንድ ውስጥ ቭሮትስዋፍ ላይ፣ ቼልሲ ከሪያል ቤቲስ። ትንሿ ዋንጫ ነች ብለው የሚንቋት አሉ፤ የቼልሲ ደጋፊዎች ግን ያን ማታ በታች ቤት ከመቶ ያላነሱ ነበሩና ማንም ፊታቸው ይህን አላለም። በ9ኛው ደቂቃ ቤቲስ አገባ። በግራ በኩል በቴሌቪዥኑ የምናይ ሰዎች «ውይ!» ስንል በቀኝ በኩል ግድግዳውን የሚያዩት ገና ቤቲስ ኳሷን ከራሱ ሜዳ ሲያወጣ እያዩ ነው። አንዱ ወጣት ተነሥቶ «ምን ሆነ? ማን ወደቀ?» አለ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆሞ ጎሉን እስኪያይ ጠበቀ፤ ሞቱ የተነገረውን ሰው አስከሬን እስኪመጣ እንደሚጠብቅ ሰው። በስልኬ ሰዓት ለካሁት፤ 38 ሴኮንድ ነው የሚዘገየው። ሠላሳ ስምንት ሴኮንድ በኳስ ዘመን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከግራ በኩል ያለው ሰው ደስ ብሎት፣ ተቃቅፎ፣ ተቀምጦ፣ ቢራውን አንስቶ ይጨርሳል።

ለእትዬ ስነግራቸው «ልጄ፣ እንግዲህ በዚያ በኩል ያለው ትንሽ ዘግይቶ ይደሰት» አሉ።

ከእረፍት በኋላ ደግሞ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ በገመድ ተስቦ የሚነሣ ነው፤ ልጁ ሦስት ጊዜ ሳበው፣ አልነሣም፤ ለካ ቤንዚኑ አልተሞላም። በጀሪካን አምጥተው እስኪያስነሡት በሰዓቴ ስድስት ደቂቃ ሆነ። በጨለማ ተቀምጠን ከላይ ቤት የመጣው ጩኸት ሰማን፤ የፈርናንዴዝ ጎል ነበር፣ አቻ ሆኗል። መቶ ሰው የቡድኑን ጎል በጆሮው አይቶ፣ በጨለማ ውስጥ እርስ በርስ ሲተቃቀፍ የማየት ያህል የሚያስቅና የሚያሳዝን ነገር የለም፤ የሚተቃቀፉትን ማን እንደሆኑ እንኳ አያውቁም። ብርሃን ሲመጣ አንዱ የቼልሲ ደጋፊ የእኛን መምህር አቅፎ ተገኘ። መምህሩ ማንቸስተር ዩናይትድ ነው። ቼልሲ በስተመጨረሻ 4 ለ 1 አሸነፈ። መምህሩ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስሙ አልተነሣም፤ በቼልሲ ማሊያ ቀለም «ሰማያዊው» ሆኖ ከረመ።

ለረቡዕ ማታ ብዙ ይቅርታ የማደርገው በሥጋው ምክንያት ነው። ሃምሳው ገና ስላልወጣ ረቡዕም አርብም ይፈሰካል፤ ጥብሱ በሸክላ ላይ ፍም ተደርጎበት፣ ቃሪያው ሳይነካ፣ አዋዜው ለብቻ ይመጣል። የፍጻሜ ሳምንት ሃምሳው ውስጥ ሲውል ሥጋ ሻጭም ደጋፊም ደስ ይለዋል። በ2015 ዓ.ም. ማንቸስተር ሲቲ ኢንተርን ኢስታንቡል ላይ ሲያሸንፍ የሐዋርያት ጾም ገብቶ ነበርና ሮድሪ ያገባትን ብቸኛ ጎል እኛ ካዛንቺስ ያጨበጨብንላት ሽሮ በነካው እጅ ነው።

ሐሙስ ዕርገት ነው፣ የወሩም ማርያም ነው፤ ባለቤቴ ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነች፣ እኔም ከእርሷ ጋር ነበርኩ። ስለ ኳስ ላለማውራት ቃል ገብቼ ቀኑን ሙሉ ጠበቅሁት። ማታ «ወተት ልግዛ» ብዬ ወጥቼ በታች ቤት በኩል አለፍኩ፤ የቅዳሜው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ የፓሪ ሴንት ዠርሜይንና የኢንተር፣ መግቢያ ካርድ ሽያጭ በዚያን ዕለት ነበር። ካርዱ ከካርቶን የተቆረጠ፣ የአግዳሚው ቁጥር በእስክሪብቶ የተጻፈበት፣ ከጀርባው የእትዬ ፊርማ ያለበት ነው። አንዱ 100 ብር። ስምንት ቆረጥኩ፤ ከግራ ሦስተኛውን አግዳሚ ሙሉ። ወተቱን ረሳሁት።

የዋጋውን ነገር እዚህ ላይ ልጨርሰው። በአዘቦት ቀን መግቢያው 30 ብር ነው፤ ለፍጻሜ 100 መሆኑን አልቃወምም። ቅዳሜ ማታ ግን ካርድ ላልያዘ ሰው በሩ ላይ 150 ተጠየቀ፤ ያውም ለመቆሚያ ቦታ። ከአሥራ አንዱ አግዳሚ ውጭ ቢያንስ ሠላሳ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሰባቱ ደረጃ ላይ ሳይቀር ሰው ተቀምጦበታል። እሳት ቢነሣ ማን በየት ይወጣል? ይህን ለእትዬ ስል አልሳቁም፣ አልተቆጡም፤ ዝም ብለው ሰሙኝ። መጪውን ዓመት እናያለን። ሌላው መጸዳጃ ቤቱ ነው፤ አንድ ብቻ ነው፣ ውሃውም ማታ ማታ አይመጣም። በእረፍት አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ የሚደርሰው ሰው ቁጥር የታወቀ ስለሆነ ልምድ ያለው ሰው በ40ኛው ደቂቃ ይነሣል። ፓሪስ ሁለተኛውን ጎል ቀደም ብሎ ባያገባው ኖሮ እኔም ጎሏ ስትገባ የመጸዳጃ ቤቱ ሰልፍ ላይ ነበርኩ።

አርብ ከሥራ ስወጣ ከመርካቶ 20 ሜትር ኬብልና አንድ ማከፋፈያ ገዝቼ ታች ቤት ገባሁ። ማንም አልላከኝም። የፍጻሜውን ጎል ሁለት ጊዜ የሚሰማ ቤት ውስጥ መቀመጥ ስለማልችል ነው። ከሪሲቨሩ ወደ ማከፋፈያው፣ ከማከፋፈያው አንዱን ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ሌላውን በጣሪያው ጠርዝ አድርጌ ወደ ፕሮጀክተሩ ወሰድኩት። የተረፈኝ ሦስት ሜትር ከምሰሶው ጀርባ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ቀረ። ልጁ መሰላሉን ያዘልኝ። የዜና ሰዓት ላይ ከፍተን ስናየው ሁለቱ ስክሪን ላይ ያለችው ዜና አንባቢ እኩል ዓይኗን ከደነች። እትዬ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆመው ግራ ቀኝ እያዩ «አሁን መንታ ሆኑ» አሉ። የኬብሉን ዋጋ ልስጥህ አሉኝ፤ አልተቀበልኩም፤ የእኔ ይሁን አልኩ። አሁንም የእኔ ነው።

የቅዳሜው ጨዋታ የሚጀምረው ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። እኛ በአሥራ አንድ ተገኝተናል። ካርዱን የያዘ ሰው ቦታው ይጠበቅለታል ቢባልም የተያዘ አግዳሚ እስከ ስንት ሰዓት ተይዞ እንደሚቆይ በሌሎች ቤቶች አይቼዋለሁ፤ ጨዋታ ሊጀምር ሲል ጉልበት ያለው ይቀመጥበታል። እዚህ ግን ከገላን የሚመጡት አራቱ መንገድ ተዘግቶባቸው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲደርሱ፣ አራቱ ቦታ ባዶውን ነበር። ሠላሳ ሰው ቆሞ እያየው ባዶ! እትዬ ነጠላቸውን አውልቀው በአግዳሚው ላይ ዘርግተውት ሄደዋል፤ የእርሳቸውን ነጠላ አንስቶ የሚቀመጥ ወንድ ሳሪስ ውስጥ አልተገኘም። ካዛንቺስ ያለው ቤታችን እንኳ ይህን ያህል አልጠበቀልንም፤ እውነቱን መናገር ነው።

አሁን የድጋፉ ነገር። ፓሪ ሴንት ዠርሜይን አርሰናልን በግማሽ ፍጻሜው ያስወጣ ቡድን ነው፤ ለንደን ላይ 1 ለ 0፣ ፓሪስ ላይ 2 ለ 1። ስለዚህ እኔ ኢንተር ሆንኩ። ኢንተር ደግሞ ባርሴሎናን በድምር 7 ለ 6 ያስወጣ ነው፤ አቼርቢ በጭማሪ ሰዓት ያገባትን አቻ ጎል ፀጉር አስተካካዩ አሁንም ሲያስባት መቀሱን ያስቀምጣል። ስለዚህ እርሱ ፓሪስ ሆነ። ሁለታችንም የምንደግፈው ቡድን ሳይኖረን በቂም ብቻ ተቀመጥን። ውርርዱ አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ፣ ከዕቁቡ ሳይሆን ከኪስ።

ሙኒክ ላይ ኳሷ ተለቀቀች። በ12ኛው ደቂቃ የፓሪሱ ሐኪሚ አገባ፤ ኢንተር የቀድሞ ቡድኑ ስለሆነ አልጨፈረም፣ እጆቹን ወደ ኢንተር ደጋፊዎች አንስቶ ይቅርታ ጠየቀ። ፀጉር አስተካካዩ ግን ይቅርታ አልጠየቀኝም። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ግራና ቀኝ፣ ቴሌቪዥንና ግድግዳ፣ ቤቱ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ስሸነፍ ደስ ያለኝ በሕይወቴ ያኔ ብቻ ነው። ወደ ጣሪያው፣ ወደ ኬብሌ አየሁ። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ነገር ሰማን፤ ጩኸታችን ካለቀ በኋላ ከመንገዱ ማዶ፣ ከላይ ቤት፣ ጩኸት መጣ። እነርሱ ያን ዕለት በኢንተርኔት ነበሩ። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

በ20ኛው ደቂቃ ገና 19 ዓመቱ የሆነው ዴዚሬ ዱዌ የመታት ኳስ ዲማርኮን ነክታ ገባች። ሁለት ለዜሮ ሆኖ እረፍት ወጣ። በእረፍቱ መምህሩ በየፍጻሜው እንደሚያደርገው በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን እንዴት እንደወሰደች አወራ። በዚያን ዓመት አልተወለደም፤ ነገር ግን ከሁለተኛው ጎል ጀምሮ ሜዳው ዳር እንደነበረ ሰው ነው የሚናገረው። አጠገቡ የነበሩ ወጣቶች ዘንድሮም በመገረም ሰሙት። «ሰማያዊው» የሚለው ስም ለአሥራ አምስት ደቂቃ ተረሳ።

ስድስት ጥብስ ያዘዝነው በእረፍት ነው። ዱዌ የራሱን ሁለተኛ ጎል በ63ኛው ደቂቃ ሲያገባ ጥብሱ አልመጣም። ክቫራትስኬሊያ በ73ኛው ደቂቃ አራተኛውን ሲያገባ ሸክላዎቹ እየጨሱ በራሳችን ላይ አለፉ፤ ጭሱ ቀጥታ ፕሮጀክተሩ ፊት ገባና ግድግዳው ላይ ያለው ሜዳ ጉም ለበሰ። አንድ ሰው ዳኛ በቪዲዮ የሚያጣራበትን ማለቱ «ቪኤአር ነው!» ብሎ ጮኸ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በዚህ ላይ የምለው አለኝ፤ ለሙሉ ቤት ጥብስ በእረፍት ሰዓት መቀበል ስህተት ነው፤ ወይ ከጨዋታ በፊት ይታዘዝ ወይ ይቅር። ከሸክላ ጋር በሰው መካከል የምታልፈውም ልጅ እጇ ሊቃጠል ነበር።

በ86ኛው ደቂቃ ከተቀያሪ ወንበር የተነሣው ማዩሉ አምስተኛውን ሲጨምር ማንም አልጮኸም ማለት ይቻላል። የዚህን ዋንጫ ፍጻሜ በአምስት ጎል ልዩነት ያሸነፈ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። ፓሪስም የመጀመሪያው ነው፤ ፈረንሳይ ከዚያ በፊት ያገኘችው አንድ ብቻ ነው፣ ማርሴይ በ1985 ዓ.ም. ያነሣው፤ እርሱም ሙኒክ ከተማ ላይ። ይህን የነገረን መምህሩ ሲሆን ያኔ ተወልዶ ስለነበር አመንነው።

ከፊት ለፊታችን የኢንተር ማሊያ የለበሰ አንድ ወጣት ነበር። በቂም ሳይሆን በልቡ የሚደግፍ፤ በቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለው እርሱ ብቻ ይመስለኛል። ከአራተኛው ጎል በኋላ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ሲነካካ ነበር። ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ የቤቱ ሰው ወደ እርሱ ሊዞርበት ነው ብዬ ፈራሁ፤ ካዛንቺስ ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ ነበርኩ የምጀምረው። በር ላይ የሚቆመው ልጅ ግን የሁሉንም ካርድ ሲቀበል የወጣቱን አልተቀበለም። «ይህ ለነሐሴ ያገለግልሃል» አለው፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። የእትዬ ትእዛዝ እንደሆነ በኋላ ሰማሁ፤ የፍጻሜ ተሸናፊ ማሊያ ለብሶ ከመጣ ለሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ቀን በነፃ ይገባል። ማሊያ ሳልለብስ የተሸነፍኩት እኔ አይመለከተኝም ተባልኩ።

ሰው ሲበተን ወደ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ሚኒባሱ ሌላ ጭነት አድርሶ እስኪመለስ እኛ ሰባታችን ቀረን። እትዬ ቡና አፈሉ፤ በዚያ ሰዓት። ወለሉ ላይ የቢራ ቆርኪና የለውዝ ልጣጭ ተበትኗል፣ ምሰሶው ሥር ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ አንቀላፍቷል፣ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሶ ፓሪሶች ሜዳሊያቸውን ይዘው ሲሯሯጡ ያሳያል። ግድግዳውም እኩል ያሳያል።

«ማን ወሰደ?» አሉ ስኒ እየሰጡኝ።

«ፓሪስ።»

«ያንተዎቹን ያስወጣው?»

«አዎ፣ እርሱው።»

«ስንት አገባ?»

«አምስት።»

ስኳሩን ጨመሩልኝ። «እናንተ ላይ ሁለት ነበር ያገባው» አሉ። ሦስት ነው፤ አንድና ሁለት፤ ግን አላረምኳቸውም።

የዕቁቡ ሒሳብ ለስምንታችንም ይኸው፦ የእሑድ፣ የረቡዕና የቅዳሜው መጠጥና ምግብ፣ ካርዱና የሚኒባሱ የሌሊት ኪራይ ተደምሮ 13,660 ብር ወጥቷል፤ 1,340 ብር እኔ ጋ አለ። ሚኒባሱን የነዳው ባለዕዳችን ስለሆነ 200ው ከኪራዩ ይቀነስ ብዬ ነበር፤ «ኪራይ ሌላ፣ ዕቁብ ሌላ» አለ። ጥሬ ሥጋውን ሰኞ ገዝቻለሁ።

ቤቱን ለማየት ለሚፈልግ ሰው፦ ለትልቅ ጨዋታ ካርዱን ከሁለት ቀን በፊት ይቁረጥ። ከምሰሶው ጀርባ ካሉት ከስድስተኛውና ከሰባተኛው አግዳሚ ይራቅ። ጥብሱን ጨዋታው ሳይጀመር ይዘዝ፤ ካልሆነለት ሽሮው በአሥር ደቂቃ ይደርሳል። የሚደግፈው ቡድን በሌላ ስክሪን ካልተፈለገ ወጥ ቤት ይጠይቅ፤ ጆንያው ይመቻል። ምሰሶው ሥር የተጠቀለለውን ጥቁር ኬብል ደግሞ እባካችሁ አትርገጡት፤ የእኔ ነው።